እልም ያለው ገጠር የት ነው?

አንድ ንጉሥ በሩቅ አገር እናቶች በወሊድ እንደሚያልቁ ሰማ። ደብሪቱ የምትባል የታወቀች አዋላጅ አስጠራና፣ «እልም ያለ ገጠር ሄደሽ ተቀመጪ፤ እናቶቹን አድኚልኝ» አላት።

«ጃንሆይ፣ ቦታው የት ነው?»

«እልም ያለ ነው አልኩሽ እኮ! ከዚህ ቢታይማ መቼ እልም ያለ ይባል ነበር?» አለና በእጁ ወደ ተራሮቹ አመለከታት።

ደብሪቱ በቅሎዋን ጭና ወጣች። ነገሩ ገርሟታል። ሁሉም የሚጠራው፣ ማንም ግን ያላየው አገር ምን ይመስል ይሆን?

መጀመሪያ በደረሰችበት መንደር ያገኘቻቸው ሽማግሌ ጥያቄዋን ሲሰሙ ተቆጡ። «እኛማ ገበያ የሚቆምልን ሰዎች ነን! እልም ያለው ገጠር ከወንዙ ማዶ ነው፣ ልጄ።» ወንዙን ተሻገረች። እዚያ የጠየቀቻት ባልቴት ደግሞ ሳቀች። «እኛን ነው? ኧረ ከተራራው ጀርባ ሂጂ፤ እልም ያሉትስ እነሱ ናቸው።»

ተራራውን አልፋ ቁልቁል ስትወርድ አንድ ጎልማሳ እየሮጠ መጣ። ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«እህቴ፣ በፈጠረሽ! ሚስቴ ምጥ ጠንቶባታል፤ የሚረዳን ሰው አጣሁ።»

ደብሪቱ ጥያቄዋን ትታ ተከተለችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናትየዋም ተረፈች።

በማግስቱ አራሷ፣ «የኔ እናት፣ ከየት አገር መጣሽልን?» አለቻት። ደብሪቱ በበሩ በኩል የንጉሡን ከተማ ልታሳያት ሞከረች። ተራራው ጋርዶታል፤ ከተራራው በላይ ጉም ብቻ ነው።

«ውይ!» አለች አራሷ ከልቧ አዝና፤ «እልም ካለ አገር ነዋ የመጣሽው። እዚያስ ሰው ሲጨነቅ ማን ይደርስለታል?»

ደብሪቱ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ግን ደነገጠች። ባለፈችባቸው መንደሮች ስለ አንድ ቃል ስትጠይቅ፣ ነፍሰ ጡር አለች ወይ ብላ አልጠየቀችም ነበር። ከዚያ ወዲያ የትም ይሁን የት ወደጠራት ሁሉ ትሄድ ጀመር፤ እልም ያለውን ገጠር መፈለጓንም ተወች።

ወዳጆቼ፣ በወሬም ሆነ በድርሰት «እልም ያለ ገጠር» ስንል ስለ ቦታው የተናገርን ይመስለናል። ቃሉ ግን የሚያሳብቀው የእኛ ዓይን የት ላይ እንደደከመ ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው አገሩ ደጁ ነው፤ እልም ብሎበት አያውቅም። እስቲ እናንተስ፣ ዓይናችሁ ስላልደረሰ ብቻ እንደሌለ የቆጠራችሁት ሰው ማን ነው?