የቀርቀሃ በር መቆያ ድንጋይ

በቀርቀሃ በር መንደር፣ ከማንያህልሻል ዘሮች አረቄ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በመቀመጥ ብዛት መሃሉ የጎደጎደ ጥቁር ድንጋይ አለ። አረቄ አወጣጡን ለማየት ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አረቄው ተመልሶ ተጥዶ ዳግም እስኪወጣ ድረስ እዚያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መንደርተኛው ድንጋዩን «መቆያ» ይለዋል።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሱት፣ በድሮ ጊዜ አገሩን የሚያስተዳድሩ ፊታውራሪ ደምሰው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ደኑ እየሳሳ ሲሄድ ማገዶ በከንቱ እንዳይነድ ብለው፣ አረቄው የማይረባ ሰው ሁሉ ምድጃው እንዲፈርስ አዘዙ ይባላል። ቀማሹም ራሳቸው ነበሩ። ማንያህልሻል የተባለችው ባልቴት ደግሞ ከምድጃዋ በቀር መተዳደሪያ አልነበራትም።

ፊታውራሪ የመጡት ሳይጠበቁ ነው። በፈረስ ነው የሚሉ አሉ፤ በበቅሎ ነው የሚሉም አሉ፤ መምጣታቸውን ግን የሚጠራጠር የለም። ማንያህልሻል ጭፍራው ከዳገቱ ብቅ ሲል አይታ ቶሎ እንዲደርስላት እሳቱን አበዛችው። የአረቄ እሳት ችኮላ አይወድምና ድፍድፉ ተንተከተከ፤ በመቃው የወረደውም ውሃ የበዛበት ሆነ። ቀምሳ አወቀችው። ጎረቤቷ ውዲቱ ጠጋ ብላ፣ «ጤና አዳም ጣል አርጊበት፤ እሳቸው እንደሆኑ ከሽታው ሌላ አያውቁም» አለቻት።

ማንያህልሻል ግን ማሰሮውን አጥባ ጣደችና፣ የወጣውን አረቄ ሁሉ ፊታውራሪው ደርሰው እያዩ መልሳ ገለበጠችበት። ለእንግዳ የተሰናዳ መጠጥ መመለስ ነውር ነውና ጭፍራው እርስ በርሱ ተያየ።

«ሴትዮ፣ እኔ እዚህ ቆሜ መጠጡን ትመልሽዋለሽ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ያልደረሰ ነገር ለጌታ አይቀርብም። እንደገና ላወጣው ነው።»

«እስኪደርስ እኔ ልጠብቅሽ?»

«ምድጃውን ማፍረስም ቢሆን እስኪበርድ ያስጠብቃል። አረፍ ይበሉ» አለችና ድንጋዩን አሳየቻቸው።

ፊታውራሪ ጥቂት አይተዋት ተቀመጡ። አሽከራቸው፣ «ጌታዬ፣ ዛሬስ ችሎት የያዘችው እሷ ነች» ቢላቸው፣ «ዝም በል፤ ፍርዱን ልስማ» አሉት ይባላል።

በዚህኛው ጊዜ ማንያህልሻል ማገዶውን እያወጣች፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ እየቀየረች በዝግታ አወጣችው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከአዲሱ አረቄ ጥቂት ወደ እሳቱ ብትረጭ ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ። እንደ ደንቡ አስቀድማ ቀምሳ ሰጠቻቸው። ፊታውራሪ ፉት አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ምድጃ ሊያፈርስ ዶማ ተሸክሞ ወደ ቆመው ሰው ዞረው፣ «ዶማህን ወደ ቤትህ ውሰድ» አሉት። ለእሷም፣ «እሳትሽ አይጥፋ» አሏት።

ያ እሳት እስከ ዛሬ ጠፍቶ አያውቅም የሚሉ አሉ፤ ይህን ማረጋገጥ ያስቸግራል። ድንጋዩ ግን አለ፤ እንግዳም ዛሬም ቀምሶ ሲጨርስ «እሳትሽ አይጥፋ» ብሎ ይመርቃል። ባለፈው በጋ ከከተማ በመኪና የመጣ አንድ ሹም ቸኩያለሁ ብሎ ቆሞ ቢያስቸግር፣ የዛሬዋ አረቄ አውጪ ከምድጃዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ፊታውራሪ ደምሰውም ቸኩለው ነበር» አለችው።

ሹሙ ተቀመጠ።