ጉረኛው የእጅ ፍሬን

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ የዛሬው ተረቴ በረትም ላምም የለው፣ ያለው ቁልቁለትና መኪና ነው።

ድሮ፣ መኪና አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ አንዲት አሮጊት መኪና ነበረች። ጌታዋ ጋሽ ድንበሩ ይባላሉ። ከልጃቸው ከስንዱ ቀጥለው የሚወዱት እሷን ነው፤ «ቀጥለው» ያልኩትም ለይሉኝታ ነው። ስንዱ ልትዳር ስለሆነ «ልጄን በዚህች መኪና ካልሸኘሁ ወንድ አይደለሁም!» ብለው በሰፈሩ ፊት ምለዋል።

መኪናዋ ግን ቆመች ሲሏት አትቆምም። የእጅ ፍሬኑ ተስቦ እንኳ ቁልቁል ትንፏቀቃለች። እንደ አገሩ ልማድ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይደረግላታል።

አንድ ቀን ከኋላ ጎማ፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት ከታምቡሩ ውስጥ፣ እሱን ተጭነው የሚያቆሙት የፍሬን ሸራዎች ጮኹ። «ጋሼ፣ ኧረ በወላዲቷ! ተበልተን ከታምቡሩ ርቀናል። መጀመሪያ ጎማውን ያንሡና እኛን ያስጠጉን፤ የእጅ ፍሬኑ እኛን የሚስብበት ሽቦ፣ ካቦው፣ ከዚያ በኋላ ይደርሳል!»

የእጅ ፍሬኑ ከት ብሎ ሳቀ። «እነዚህ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ምን ያውቃሉ? ጌታዬ፣ መኪናዋን የምይዛት እኔ! ካቦዬን ብቻ ወጠር ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ድንበሩ አጠገባቸው የሚያወራውን እንጂ ከኋላ የሚጮኸውን አይሰሙም። ካቦውን ወጠሩት። ሳምንት ሳይሞላው ላላ።

ሸራዎቹ «እኛን!» አሉ። የእጅ ፍሬኑ «እኔን!» አለ። ደግመው ወጠሩት።

ካቦው «አለቃ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው» ብሎ አቃሰተ።

«ዝም በል፣ አንተ ክር!» አለው የእጅ ፍሬኑ።

በሰርጉ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ወጠሩት። ካቦው አሁን ማቃሰቱንም ትቶታል።

መኪናዋ በአበባ አጊጣ ቁልቁለቱ ላይ ቆመች። ከታች ድንኳኑ፣ ጠላው፣ የተሰበሰበው ዘመድ። ጋሽ ድንበሩ ድንጋዩን አዩና አፈሩ። «የሙሽራ መኪና በድንጋይ ተደግፋ? ምን ይሉኛል!» ብለው በእግራቸው ገፉት።

«ጋሼ፣ ይተዉ! ኧረ ይተዉ!» አሉ ሸራዎቹ።

ስንዱ ቬሎዋን ሰብስባ አንድ እግሯን ስታስገባ ካቦው ጧ! ብሎ ተበጠሰ። ሚዜዎቿ ጎትተው አወጧት እንጂ ጉድ ፈልቶ ነበር። መኪናዋ ብቻዋን ወረደች፤ ዘመዱ እልል ማለቱን ትቶ ግራና ቀኝ ተበተነ። ድንኳኑን ቀድዳ፣ የጠላውን ጋን ሰብራ፣ ግንብ ስታገኝ ቆመች። ሙሽራዋ በጎረቤት የአህያ ጋሪ ተሸኘች፤ መኪናዋን ሊይዙ ሮጠው የነበሩት ጋሽ ድንበሩም ጠላ በጠላ ሆነው ከኋላዋ በእግራቸው ተከተሉ።

የእጅ ፍሬኑ አሁንም ቀጥ ብሎ እንደተሳበ ነው። «እኔ እንኳ ሥራዬን ሠርቻለሁ! እስከ ጫፍ ተስቤ ነበር፣ እዩኝ!»

«መሳብማ ተስበሃል፤ አልያዝክም እንጂ» አሉት ሸራዎቹ።

ተረቴን ጨረስኩ፤ አልቅሱም ሳቁም፣ ይህን ግን ያዙ፦ ከኋላ የጮኸውን ያልሰማ ቁልቁለት ይነግረዋል።