ሁለቴ የተነቀለ አስታ

አንድ አትክልተኛ ነበረ። ቁጭ በል እንጂ ደምለው፣ እንዲህ ተቆጥተህ ቆመህ ምን ልትሰማ ነው! ጥያቄህ ገብቶኛል። የሟች ወንድምህ ልጅ እጅህን እያየች የወጌሻነት ሙያህን ለምዳ፣ ሳትፈቅድላት የሰው አጥንት መጠገን ጀመረች። «ሽማግሌ ፊት አቁሜ ዳግመኛ አጥንት እንዳትነካ ላስምላት ወይ?» ነው ያልከኝ። እንግዲያው ስማኝ።

አስታን ታውቀዋለህ፤ ተራራችን አናት ላይ የሚበቅለው፣ ነጭ አበባ ያለው። ዘመዶቹ ደግሞ ከአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ ከኬፕ አገር ናቸው፤ የእነሱ አበባ ቀይም ቢጫም ሆኖ እንደ ትንንሽ ቱቦ ይንጠለጠላል። ይህ አትክልተኛ ሁለት ዓይነት የኬፕ አስታ አስመጥቶ፣ የአንዱን አበባ ብናኝ በላባ እያነሳ ሌላው ላይ እየነካ ሲያዳቅል አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። የበቀለውን ሁሉ ሲነቅል ሲጥል ኖሮ፣ በመጨረሻ አንዲት ወጣችለት፤ አበባዋ ከሥሩ ነጭ፣ ከአፉ እንደ ፍም የቀላ። ውይ! መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር።

እንዲህ ያለው ዲቃላ ታዲያ በዘር አይወጣልህም፤ ዘሩ ቢበቅል እንኳ እናቱን አይመስልም። እሷኑ የፈለገ ቀንበጥ ቆርጦ፣ አሸዋ ውስጥ ተክሎ፣ ሥር እስክታወጣ መጠበቅ ነው ያለው። ሰውየው ግን ለማንም ቀንበጥ አልሰጥም አለ። ለራሱም ሁለተኛ አልተከለም፤ ከበዛች ትረክሳለች ብሎ! በየዓመቱ አበባዋ ሲረግፍ ይከረክማትና የተከረከመውን ሰብስቦ ያቃጥላል። ምቀኛ!

ጎረቤቱ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። ሦስት ጊዜ ለመነችው፣ ሦስቴም መለሳት። አንድ ቀን እሱ ሲከረክም ከአጥሩ ውጭ መንገድ ላይ የወደቀች ቀንበጥ አገኘችና፣ አፉ በተሸረፈ ገንቦ አሸዋ ሞልታ ተከለቻት። በሦስተኛው ዓመት አበበች።

አትክልተኛው ሲያልፍ አያት። ደሙ ፈላ።

«ሌባ!» ብሎ ጮኸባት።

«ኧረ ጋሼ፣ መንገድ ላይ ወድቃ ነው ያነሳኋት፤ ከእርስዎ ምን ጎደለ?» አለችው።

ተክሏን ከነሥሯ ነቅሎ፣ ሴትዮዋ ደጅ ላይ ያነደደችው እሳት ውስጥ ጣላት፤ ተቃጥላ እስክታልቅም ቆሞ አየ።

ከዚያ ወዲያ ሰው አላምን አለ። እናቲቱን ተክል ከአጥሩ ጥግ ቆፍሮ አንስቶ መስኮቱ ሥር ሊተክላት ተነሳ። አስታ ሥሩን ሲነኩት አይወድም፤ ይህን ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ፈራ፣ ቆፈራት። በወሩ ከጫፍ እስከ ግንድ ደረቀች፤ ለመትከል የምትሆን አንዲት ለምለም ቀንበጥ እንኳ አልተረፈችም።

እፍረቱን ውጦ የሴትዮዋን በር አንኳኳ። «እባክሽ እቴ፣ ከዚያች ተክል ለሌላ ሰው የሰጠሽው ቀንበጥ ይኖር ይሆን?»

«መቼ ጊዜ ሰጡኝ ጋሼ?» አለችው። «ለእህቴም ለጎረቤትም ልሰጥ አስቤ ነበር። አበባዋ እስኪረግፍ ስጠብቅ እርስዎ መጡ።»

የአሥራ አንድ ዓመት ድካሙን በገዛ እጁ ጨረሰው።

እንግዲህ ደምለው፣ አትክልተኛው አንተ ነህ። ፊትህን አታዙርብኝ! ሙያህ መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም፤ ከእጅ ወደ እጅ ካልሆነ አያልፍም። ልጅ አልወለድክም። እጅህ መንቀጥቀጥ እንደ ጀመረ አገር ያያል፤ የደበቅከው የሚመስልህ አንተ ብቻ ነህ። ሥር የሰደደችልህ አንዲት ቀንበጥ ያቺ ልጅ ናት፤ አንተ ግን እሷን ለመንቀል ሽማግሌ ፍለጋ ትዞራለህ። ያ ሰውዬ እንኳ ያጠፋው አበባ ነው፤ አበባ ቢጠፋ ማንም አያነክስም። አንተ ካለፍክ በኋላ ግን እግሩ ተሰብሮ የሚያቃናለት አጥቶ የሚያነክሰው ሁሉ፣ ያነከሰው በአንተ ነው። ለዚህ ሽማግሌነት እኔን አትጥራኝ።