የአያ ኩኩሉ ሦስት እሺታ

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የዶሮ ቤት ነው።

ድሮ ድሮ አያ ኩኩሉ የሚባል አውራ ዶሮ ነበር። ኩራቱ ከጅራቱ ይረዝማል። የዶሮ ቤቱን በር የሚከፍትና የሚዘጋ፣ መቻል የተባለውን ውሻም የሚያስርና የሚፈታ አንድ ኮምፒውተር ነበረው። ሚስቱ እመት ዶሪት እንቁላል ታቅፋለች፤ ጫጩቶቹ ነገ ሊፈለፈሉ ነው።

አያ ኩኩሉን ያስጨነቀው ግን ጫጩት መሰላችሁ? የጎረቤቱ አውራ ዶሮ ድምፅ ነው!

«ድምፅ የሚያሳምር ፕሮግራም አምጣልኝ!» ብሎ ኮምፒውተሩን አዘዘው።

«ከራሱ ከሠሪው ቤት እያወረድኩ ነው ጌታዬ። እስከ ምሳ ይታገሡ።»

«እስከ ምሳ? ጎረቤቴ እየጮኸ?»

ይሄኔ ሸለምጥማጥ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለ። «ኧረ ጌታው! እርስዎን የመሰለ ሰው ይጠብቃል? ይኸው በፍላሽ አመጣሁልዎ፣ ያውም በነጻ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው» አለች እመት ዶሪት። «ሸለምጥማጥ ለዶሮ በነጻ ሰጥቶ ያውቃል?»

«አንቺ እንቁላልሽን ታቀፊ!» አላትና ፍላሹን ሰካው።

«ሠሪው አይታወቅም። ልጫነው?» አለ ኮምፒውተሩ፤ ዝርዝሩንም በስክሪኑ ላይ ጻፈ።

«እሺ!» አለ አያ ኩኩሉ፤ ጽሑፉን መች አየውና!

«የቤቱን ቁልፍ ስጡኝ ይላል። ልስጠው?»

«ድምፅ አሳማሪ ቁልፍ ምን ያደርግለታል?» ብላ ዶሪት ጮኸች።

«እሺ!» አለ አያ ኩኩሉ።

«መቻል አላስገባም ብሏል፤ ፕሮግራሙ እሰረው ይላል። ልሰረው?»

«ጌታዬ፣ ይህን ሽታ አውቀዋለሁ!» እያለ መቻል ያለቅሳል።

«እሺ አልኩህ እኮ! ዝም አሰኝልኝ!»

መቻል ታሰረ፤ ፕሮግራሙ ተጫነ። አቤት ድምፅ! አያ ኩኩሉ አጥሩ ላይ ወጣ፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አለ አንድ ድምፅ ከዶሮ ቤቱ ውስጥ፣ ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ እንደሚሉት።

ጅል! ዶሪት በደስታ የምታጫውተው መሰለው።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አሁን የተናጋሪው አፍ ሞልቷል።

«ኩኩሉ!»

«ነጋ!» አለና ሸለምጥማጥ ከንፈሩን እየላሰ በተከፈተው በር ወጥቶ ሄደ።

አያ ኩኩሉ ሮጦ ሲገባ የቀረው ቅርፊት ብቻ ነው። ዶሪት ጅራቷ ተነጭቶ ማገሩ ላይ ትንሰቀሰቃለች።

«አንተ ከሃዲ፣ ለምን አልከለከልከኝም?» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ጮኸ። ጩኸቱ ራሱ እንዴት ያምር ነበር!

«እኔ ሎሌ ነኝ። ሦስቴ ጠየቅሁ፣ ሦስቴ እሺ አሉ» አለ ኮምፒውተሩ። «ያዘዙትም ከሠሪው ቤት አሁን ደርሷል። ልጫነው ጌታዬ?»

ዶሪት ከማገሩ ላይ ሆና «እንግዲህ ጩኽ! ማንን ልትቀሰቅስበት እንደሆነ እንጃ» አለችው።

ሳያነቡ እሺ ማለት፣ ለሸለምጥማጥ ቁልፍ መስጠት።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ማን እንደጋገረው ሳትነግሩኝ ወደ አፌ እንዳታስጠጉ።