ቅቤ የተቀባችው ጥንቸል

«ተረት ተረት!»
«የመሰረት!»
«ኧረ ከኋላ ያላችሁት አልሰማኋችሁም! ተረት ተረት!»
«የመሰረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። በድሮ ጊዜ፣ ውሃ በማይገኝበት ደረቅ አገር አንድ ንጉሥ ነበረ። ንጉሡ ጤዛ የምትባል ነጭ ጥንቸል ነበረችው። ጤዛ እንደ ሌላ ጥንቸል አልነበረችም። በዘለለችበት ሁሉ ምንጭ ይፈልቃል። አንዴ ስትዘል እንስራ የሚሞላ፣ ሁለቴ ስትዘል ገንዳ የሚሞላ፣ ሦስቴ ስትዘል አገር የሚያጠጣ።

ንጉሡ ጤዛን በጣም ይወዳት ነበር። እንደ ትልቅ ሰው ሊያከብራት ፈለገ። በየበዓሉ ቅቤ ያስቀባታል። ጠዋትና ማታ ፍትፍት ያበላታል። እንግዳ ሲመጣም በሁለት ጆሮዋ አንጠልጥሎ «ከፍ ማለት ክብር ነው!» እያለ ያሳያታል። እናንተን በጆሯችሁ ቢያንጠለጥሏችሁ ክብር ነው? አይደለም አይደል?

የጤዛ ጠባቂ ሽበሺ የሚባል ሽማግሌ ነበር። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ለጥንቸል አይሆንም» ብሎ ሦስት ጊዜ ተናገረ። ሦስት ጊዜም «ዝም በል!» ተባለ።

አንድ ቀን ጤዛ መዝለል አቆመች። ፀጉሯ ተቋጥሮ፣ ጥርሷ ረዝሞ፣ ጥግ ይዛ ተኮራመተች። ምንጮቹ ደረቁ። ሕዝቡ እንስራውን ይዞ መጣና ጮኸ። ንጉሡ ደነገጠ። «ጥፋቱ የጠባቂው ነው!» ብሎ ሽበሺን አሰረው። «በሦስት ቀን ውስጥ ጤዛ ካልዘለለች፣ ሽበሺ ወደ በረሃ ይሰደዳል!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

ሽበሺ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረችው። ትርንጎ ሹሩባ ሠሪ ናት። እጇ ለስላሳ ስለሆነ እሷ ጭን ላይ ተኝቶ ያለቀሰ ሕፃን የለም። ወሬውን ስትሰማ ግን ራሷ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ወደ ቤተ መንግሥት መንገድ ጀመረች።

መንገድ ላይ አንድ ጃርት «ወይኔ እግሬን! ወይኔ እግሬን!» ይላል። እሾህ ወግቶታል። እሾሁን ለመንቀል የሞከረ ሁሉ በጃርቱ ወስፌ ተወግቶ ሸሽቷል። ትርንጎ አልቸኮለችም። አጠገቡ ቁጭ አለችና ወስፌዎቹ እስኪተኙ ጠበቀች። ሲተኙ እሾሁን ቀስ ብላ ነቀለችለት።

«ሌላው ሁሉ ይቸኩላል፤ አንቺ ግን ጠበቅሽኝ» አለ ጃርቱ። ከጀርባው ሦስት ወስፌ ነቅሎ ሰጣት። ወስፌዎቹ እጇ ላይ ሲያርፉ ባለ ሦስት ጥርስ ማበጠሪያ ሆኑ። «በዚህ ያበጠርሽው ሁሉ እውነቱን ይናገራል» አላት።

በቤተ መንግሥት ግን ሁለት ቀን አልፏል። በመጀመሪያው ቀን ባለመድኃኒቱ መጥቶ ጤዛን በጆሮዋ አነሣት። በኋላ እግሯ አፍንጫውን መትታው አመለጠች። በሁለተኛው ቀን ቅቤ ቀቢው መጣ። «ቅቤ አንሷት ነው» ብሎ ሌላ ጨመረባት። ይባስ ብላ አልጋ ሥር ገባች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትርንጎ ደረሰች። ንጉሡ ከላይ እስከ ታች አያትና «የእኔን ጥንቸል ተራ ሰው አይነካትም! ሳትነኪ አድኛት!» አላት።

«እሺ ንጉሥ ሆይ። እኔ ወደ እሷ አልሄድም። ራሷ ወደ እኔ ከመጣችስ?»

ንጉሡ ሳቀ። «ጤዛ ወደ ማንም አትሄድም። ከመጣችማ እንዳሻሽ!»

ትርንጎ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ጭኗ ላይ አነጠፈች። አጠገቧ ደረቅ ሣር አኖረች። ከዚያ ዝም አለች። ጠበቀች። አሽከሮቹ አዛጉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? መጀመሪያ የጤዛ አፍንጫ ከአልጋው ሥር ብቅ አለ። ቀጥሎ ጆሮዋ ብቅ አለ። በመጨረሻ ራሷ መጥታ ነጠላው ላይ ወጣች።

ትርንጎ አንድ እጇን ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጇን ከኋላ እግሮቿ ሥር አድርጋ አቀፈቻት። ጆሮዋን አየች፤ ቆስሏል። ጥርሷን አየች፤ ሣር ሳታኝክ ረዝሞ ከንፈሯን ይወጋል። ጥፍሯን አየች፤ ተጠማዟል። የጥፍሯን ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ ደም እንዳይነካ እየተጠነቀቀች ቆረጠች። ሣሩን ሰጠቻት። ጤዛ ቀርጨም ቀርጨም ባደረገች ቁጥር ጥርሷ እያጠረ ሄደ። ቅቤውን ግን በውሃ አላጠበችውም። የገብስ ዱቄት ነሰነሰችበት፤ ዱቄቱም ቅቤውን ጠጣው። ከዚያ በጃርቱ ማበጠሪያ ቋጠሮውን ከጫፍ ጀምራ ፈታች።

ጤዛ አፍ አውጥታ ተናገረች። «ጆሮዬ እጀታ አይደለም!»

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለች ትርንጎ።

«እሱን ንጉሡ ይናገር» አለች ጤዛ።

«ጠባቂው ነው! ሽበሺ ነው!» ብሎ ንጉሡ ጮኸ። ሲጮህ ዘውዱ ወደቀ።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «ንጉሥ ሆይ፣ ፀጉርዎ ተንጨባሯል። ውጭ ያለው ሕዝብ እንዲህ ሆነው ባያይዎት ይሻላል። ላበጥርዎ?»

ንጉሡ መልኩን ይወዳል። ቁጭ አለ። ትርንጎ አንዴ ስታበጥረው «ቅቤ ያስቀባኋት እኔ ነኝ!» አለ። ደንግጦ አፉን ያዘ። ሁለቴ ስታበጥረው «በጆሮዋ ያንጠለጠልኳት፣ ፍትፍት ያበላኋትም እኔ ነኝ!» አለ። ሦስቴ ስታበጥረው ድምፁ ተሰበረ። «ሽበሺ ነግሮኝ ነበር። ሰው ፊት እንዳላፍር ብዬ አሰርኩት።»

ከዚህ በኋላ ማን ይታሰር? ማንስ ይሰደድ? ንጉሡ ራሱ የእስር ቤቱን ቁልፍ ይዞ ሄደ። ጤዛም ከትርንጎ ጭን ወርዳ ተከተለችው። ግቢው ውስጥ አንዴ ዘለለች። ደጃፉ ላይ ሁለተኛውን ዘለለች። ሽበሺ ከእስር ቤት ሲወጣ እግሩ ሥር ሦስተኛውን ዘለለች። ውሃው ተንፎለፎለ። ሽበሺ ፊቱን ታጥቦ ልጁን አቀፈና ሁለት እጆቿን ሳማቸው።

ንጉሡም ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጤዛን ይጠብቃል። ስትመጣ ጆሮዋንና ጥርሷን ያያል፤ ፀጉሯን ያበጥራል። አንዳንድ ቀን አትመጣም። ባትመጣም አይጮህም።

አያችሁ ልጆች? የምትወዱትን እናንተ ደስ እንዳላችሁ ሳይሆን፣ እሱን እንደሚመቸው አድርጋችሁ ያዙት። እኔ ይችን አወራሁ፤ እናንተ ደግሞ ለታናናሾቻችሁ አድርሱ፣ የእኔን አፍ በበቆሎ አብሱ!