ዳልቻ ተንታኝ ሆነ

ተረት ጠምጃለሁ፤ ጠጋ በሉ።

ዳልቻ የሚባል በሬ አረጀና ከቀንበር ወጣ። ጌታው ለፋሲካ ቅርጫ ሊያርደው ማሰቡን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። «ሥራ ካልያዝኩ ሥጋ ነኝ» አለና ከእርሻው ዳር ቆሞ የሌሎቹን በሬዎች አስተራረስ መተንተን ጀመረ።

«ተመልከቱ! ቀኙ በሬ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ግራው ደግሞ ወደ ኋላ ይጎተታል። ትልሙ ተጣሞ የወጣው ለዚህ ነው። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም!» እያለ ሲያጓራ ድምፁ እስከ መንደር ይሰማል።

ሁሉ ነገር የሚያስደንቃት ፍየል የያዘችውን ቅጠል ከአፏ ጣለች። «እኔ እኮ ዝም ብለው የሚሄዱ ነበር የሚመስለኝ!» አለች።

ቀኙ በሬ ግን ግልፍተኛ ነበርና፣ «ጋሼ ዳልቻ፣ እስኪ ገብተው ያሳዩን!» ብሎ ጮኸ።

«የእኔ ሥራ አሁን ማሳየት ሳይሆን ማስረዳት ነው» አለ ዳልቻ ጅራቱን እየወዘወዘ።

ጌታው ይህን ሁሉ ጩኸት ሰማ። «እንዲህ የሚያጓራ በሬማ ገና ጉልበት አለው። አላርደውም» አለና ቀኙን በሬ ፈትቶ ዳልቻን በቦታው ጠመደው።

ዳልቻ ከቢላ ተረፈ። ነገር ግን ጅራፉ ሲጮህ ምላሱ ወጣ፣ ትልሙም እንደ እባብ ተጠማዘዘ።

ፍየሏ ከዳር ሆና በጉጉት ጠበቀች። ከዚያም፣ «ጋሼ፣ ይሄኛውስ ለምን ጠመመ? ያስረዱን እንጂ!» አለች።

ዳልቻም እያለከለከ፣ «ልጄ፣ ከዚህ ሆኖ ምንም አይታይም» አላት።