የጨው ተራው ቃጭል

አንድ ጊዜ፣ የዱር አውሬና የቤት እንስሳ በአንድ ገበያ ይገበያዩ በነበረበት ዘመን፣ አንበሳ ለገበያው ሕግ አወጣ። ገበያው ዙሪያውን በእሾህ ታጠረ። ከአጥሩ ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም፤ የበላ የአንበሳን ክንድ ይቀምሳል። ከአጥሩ ውጭ ግን ሕግ የለም። በግ ጨው ስትገዛ ጅብ አጠገቧ ቆሞ ምራቁን ይውጣል እንጂ አይነካትም ነበር።

በዚያ አገር የኔታ ጉሬዛ የሚባሉ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ለገበያተኛ የሚጠቅም ሥራ አቅዱ። የበለጠው በገበያው ላይ ይተከላል» አሏቸው።

አህያን ማንም ጓደኛ ሊያደርገው አልፈለገም። «ከእሱ ጋር መምከር ከድንጋይ ጋር መምከር ነው» ብለው ሳቁበት። ቀበሮ ግን መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አህዮ፣ እኔና አንተ ብንሆንስ?»

አህያ ጆሮውን ቀጥ አደረገ። «የምርሽን ነው?»

«አንተ ጉልበት አለህ፣ እኔ ሐሳብ አለኝ። ምን ይጎድለናል? እማማ በጊቱን ታውቃቸው የለ?»

አህያ ያውቃታል። ሁለት ዓይኖቿ የጠፉ አሮጊት በግ ናት።

«ባለፈው ገበያ ጨው ሲፈልጉ በርበሬ ተራ ገብተው ሲያስነጥሱ ዋሉ። ሁሉም ሳቀባቸው። እኔ ግን አለቀስሁ» አለችና ቀበሮ ዓይኗን በጭራዋ ጠረገች።

የአህያ ልብ ተነካ። እዚያው ተቀምጠው አቀዱ። በየተራው መግቢያ ላይ ቃጭል ይሰቀላል፤ ድምፁም ለየቅል ይሆናል። ለገብስ ተራ የእንጨት፣ ለድርቆሽ ተራ የቀንድ፣ ለጨው ተራ ቀጭን የመዳብ። ነፋስ ሲነካው ይጮኻል። ዓይነ ስውሩም ድምፁን ተከትሎ፣ ማንንም ሳይለምን፣ የፈለገውን ይገዛል።

«አንዱ ተንኮለኛ ‹በዚህ በኩል ነው› ብሎ ቢያሳስታቸውስ?» አለ አህያ።

«ደግ ጠየቅህ። እንግዲያው የማንንም ቃል አትስሙ፣ ቃጭሉን ብቻ ስሙ እንበላቸው። አንደበት ይዋሻል፤ መዳብ አይዋሽም።»

«ቃጭሎቹንስ ማን ይጠብቃል?»

«ለእሱ እኔ አለሁ። አንተን መሸከሙ አይበቃህም?»

አህያ አንድ ሸክም ስለቀለለለት ደስ አለው። ሌላ ነገር አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ እንጨቱን ጠረበ፣ ቀንዱን ፋቀ፣ መዳቡን ቀጠቀጠ። ቀበሮ ጥላ ሥር ጋደም ብላ «ትንሽ ወደ ግራ» ትለው ነበር። የኔታ አይተው «የእናንተ በልጧል» አሉ። አህያ የእማማ በጊቱ ደጅ ድረስ ሄዶ አስተማራት።

«የማንንም ቃል አይስሙ፣ እማማ። የኔንም ቢሆን። ቃጭሉን ብቻ።»

«ከእንግዲህ የማንንም ጭራ ይዤ አልሄድማ!» አለች አሮጊቷ። እንደ ጠቦት ዘለለች።

የገበያው ቀን ደረሰ። የእንጨቱ ቃጭል ሲንኳኳ እማማ በጊቱ ብቻዋን ገብስ ተራ ሄዳ ገብሷን ገዛች። ገበያተኛው በአድናቆት አጨበጨበ። አህያም ደረቱን ነፋ። ቀጥሎ የመዳቡ ቃጭል ቅጭል ቅጭል አለ። አሮጊቷ ዞራ ወደ ድምፁ ሄደች።

አህያ ወደ ጨው ተራ ቀና ብሎ አየ። መስቀያው ባዶ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከገበያው ጀርባ፣ ጥራጊ ከሚጣልበት የአጥር ቀዳዳ ማዶ ነው። እዚያ ጅብ ቃጭሉን አንገቱ ላይ አስሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ ራሱን ይነቀንቃል።

አህያ ጮኸ።

«እማማ! ይመለሱ! ጅብ ነው!»

አሮጊቷ ሳትቆም ሳቀች። «ልትፈትነኝ ነው አይደል፣ ልጄ? የኔንም ቢሆን አይስሙ ብለኸኝ የለ? ይኸው ቃጭሉ ይጠራኛል።»

አህያ ዞር ሲል ቀበሮን ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ አገኛት።

«ቀበሮ! ጅብ ቃጭሉን ሰርቆናል! ሩጪ!»

ቀበሮ ንቅንቅ አላለችም። ከንፈሯን ላሰች።

«አልሰረቀም። ሰጠሁት።»

«ምን አልሽ?»

«ሥጋው የአያ ጅቦ፣ አጥንቱ የኔ። አይዞህ፣ አንተንም አልረሳንህም፤ ገብሷ የአንተ ነው።»

 ያ ሁሉ ጠረባ፣ ያ ሁሉ ሸክም፣ ያ በጭራ የተጠረገ እንባ! አህያ ለካ ለጅብ ገበታ ሲያቀርብ ከርሟል። እግሩ ከመሬት ጋር ተሰፋ። ዓይኑን ሲያነሳ የአሮጊቷ ግማሽ አካል በቀዳዳው አልፏል።

ያን ጊዜ ሮጠ። ከአጥሩ ውጭ ለእሱም ሕግ እንደሌለ ያውቃል፤ ቢሆንም ተከትሏት ወጣ። አሮጊቷን በግንባሩ እየገፋ ወደ ቀዳዳው መለሳት። ጅብ ተወርውሮ ላቷን ነከሰ። አህያ ቀድሟት ገብቶ የአንገቷን ጸጉር በጥርሱ ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። እሷ ገባች፤ ላቷ ከጅቡ አፍ ቀረ።

ጅብ ላቱን ሰለቀጠው። «ላቱ እንዲህ የጣፈጠ፣ ሌላውማ እንዴት ይሆን!» አለና ተከትሏት በቀዳዳው ዘሎ ገባ። ቃጭሉ አንገቱ ላይ ቅጭል ቅጭል እያለ፣ አሮጊቷን ሊበላ እያባረረ ገበያው መሐል ደረሰ።

አንበሳ ከመቀመጫው ተነሣ። «ዛሬ ጨው ተራ በእግሩ ይሄዳል እንዴ?»

«ጨው... ጨው ልገዛ ነው፣ ጌታዬ» አለ ጅብ፤ ጮማው ካገጩ ይንጠባጠባል።

አንበሳ ክንዱን አንድ ጊዜ ሰነዘረ። ቃጭሉም ጅቡም ዝም አሉ። አህያ የሰማውን ተናግሮ ቀበሮን ሲፈልጓት እሾሁ ላይ የቀረ ጸጉሯን ብቻ አገኙ።

አህያ ከእማማ በጊቱ ፊት ተንበረከከ። ደሟ ይፈስሳል፤ ትንቀጠቀጣለች።

«ይማሩኝ፣ እማማ። እኔ ለደግ አስቤ ነው። ቃጭሎቹን እጠብቃለሁ ብላኝ ነበር።»

 አሮጊቷ ፊቷን ወደ ድምፁ መለሰች።

«ለደግ እንዳሰብህማ አውቃለሁ። ቃጭሉን ሠራህ፤ ለማን እንዳስረከብኸው ግን አላየህም። እኔስ ዓይኔ ጠፍቶ ነው፣ ልጄ። አንተስ?»



ከዚህ የምንማረው፣ ደካማን የሚመራ ነገር ሠርቶ ጥበቃውን ለሌላ የጣለ፣ ሳያውቅ ለበላተኛ መንገድ እንደሚጠርግ ነው።